ግድግዳው የተፋው ልስን

ግድግዳው ልስኑን ለሁለተኛ ጊዜ ተፋው። ለሳኟ ጠዋት የአዳራሹን በር ከፍታ ስትገባ፣ ትናንት ወገቧ እስኪቆረጥ የለጠፈችው ኖራ ከግድግዳው ሥር ተዘርፍጦ ጠበቃት። ግድግዳው ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ድንጋዩን አግጥጦ ያያታል።

ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም። ስትናደድ ድምጿ ከፍ የሚል ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ዝቅ ይላል። የሚያውቋት ሰዎች የሚጠነቀቁትም ያን ጊዜ ነው።

"ወደቀ እንዴ?" አለ ወንድሟ ከኋላዋ፣ አካፋውን በትከሻው እንደያዘ።

"አይ፣ ደክሞት ወርዶ ነው።"

"እኔ እኮ ትናንትና ብዬሻለሁ።"

"ምን ብለኸኛል?"

ወንድሟ ጥቂት አሰበ። "አሁን ትዝ አይለኝም። ግን የሆነ ነገር ብያለሁ።"

ይህ ወንድሟ ታላቋ ነው፤ ሠራተኛዋም ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ሰው ሁሉ "ወንፊት" ይለዋል። እሱ "አሸዋ የምነፋው እኔ ስለሆንኩ ነው" ይላል፤ የሚያውቁት ግን ወሬ ስለማይቋጥር ነው ይላሉ። አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ ሕንፃዎችን በኖራ ሲለስን ኖሮ ሲሞት፣ የልስን ማንኪያዎቹን፣ ካዞላዎቹን፣ ለሴት ልጁ፣ ምላሱን ለወንድ ልጁ አወረሰ ተብሎ በለቅሶው ላይ ሳይቀር ተቀልዷል።

አዳራሹ አሮጌ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ሲሆን፣ ላዩ ከተሠራ ጀምሮ የፍየል ጸጉር የተደባለቀበት ኖራ ለብሶ ነው የኖረው። አሮጌውን ልስን ሲያነሱት ከስብርባሪው ጫፍ ጸጉር ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ የማያውቅ ሰው ይሰቀጥጠዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ኖራ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ጸጉሩ ውስጥ ለውስጥ ተጠላልፎ እንዳይበታተን አቅፎ ይይዘዋል። ሲሚንቶ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ሠሪውም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ግድግዳው ከመሬት የሳበውን እርጥበት የሚያስተነፍስበት ሲያጣ ከውስጥ እየበሰበሰ ይሄዳል።

የአዳራሹን እድሳት የሚመራው መሐንዲስ ይህን ያውቃል። የአዳራሹ ባለቤቶች ግን የሚያውቁት ሲሚንቶን ነው፤ "በፍየል ጸጉር ቤት ይሠራል እንዴ?" ብለው ስቀውበታል። ስንት ለምኗቸው፣ በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለችው የግድግዳ ክፍል ለሙከራ ተፈቀደች። ዓርብ ትታያለች። ከያዘ፣ መላው አዳራሽ በኖራ ይለሰናል፤ ሥራውም የሷ ይሆናል። ካልያዘ፣ ለሲሚንቶ ለሳኙ ይሰጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በከተማው ኖራ የሚለብስ ሌላ ሕንፃ አልቀረም። እሷም ከአባቷ የተማረችው ኖራን ብቻ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ በራሷ ስም ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ሲሆን፣ ካመለጣት ደግሞ የመጨረሻዋም ይሆናል።

የሲሚንቶ ለሳኙ "ፈጣኑ" ነው የሚባለው። ጓሮ ያለውን መጋዘን እየለሰነ፣ በየመሀሉ አንገቱን በአዳራሹ መስኮት ብቅ ያደርጋል። አሁንም ብቅ አደረገ።

"እህቴ፣ እንዴት አደርሽ? ፍየሏ ወረደች?"

"ደህና አደርክ።"

"ገደል የለመደች ፍየል እኮ ነች፤ ግድግዳ አንሷት ነው።"

"ሲሚንቶህ እንዳይደርቅብህ።"

"እውነትሽን ነው። የኔ ይደርቃል" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ለሳኟ ጥርሷን ነከሰች። የመጀመሪያው የወደቀ ዕለት ጥፋቱን በግድግዳው ላይ አላካ ነበር፤ ደርቆ ኖራውን ጠጣብኝ ብላ፣ በሁለተኛው ጊዜ ድንጋዩ ጠግቦ እስኪያገሳ ውሃ ረጨችው። አሁን ተራው የአሸዋው ሆነ።

"አሸዋው አፈር አለበት" አለች።

"አሸዋዬን እንዳትነኪብኝ!"

"ታጥቧል?"

"ከዚህ ከለበስኩት ልብስ የበለጠ ታጥቧል።"

"እሱማ ይታያል።"

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ግድግዳው ተፋው፣ በኔ አሸዋ ተመካኘ። እንዲህ ነው ሰው ከእህቱ ጋር የሚሠራው?"

 አንድ እፍኝ አሸዋ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራ በጥበጠችና ብርሃን ላይ ያዘችው። አሸዋው ወዲያው ዘቀጠ፤ ውሃው ጠርቶ ቀረ። ወንድሟ ብርጭቆውን እያየ ይቅርታ ጠበቀ፤ ሲበቃው ራሱ "ምንም አይደል" አላት።

ኖራውን አልጠረጠረችም። አባቷ በሕይወት ሳለ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አጠጥቶ ያሳረፈው፣ እንደ እርጎ የለዘበ ኖራ ነው። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነበር።

ከክምሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አንድ ቁራሽ አነሳችና በሁለት እጇ ገመሰችው። ጥሩ ልስን እንዲህ ሲገመስ ሁለቱ ግማሾች በጸጉሩ ተንጠልጥለው አንለያይም ይላሉ። ይህኛው እንደ ዳቦ ለሁለት ተከፈለ። ከጫፉ ብቅ ያለውን ጸጉር ይዛ ስትስበው፣ ሳይንገራገር ሹልክ ብሎ ወጣ። ኖራ የሚባል ነገር አልያዘውም። ያብረቀርቃል።

ጓንቷን አወለቀች። እስከ ዛሬ ይህን ጸጉር በባዶ እጇ ነክታው አታውቅም፤ ኖራ ቆዳ ስለሚበላ ጓንት ከእጇ አይወጣም፣ ጸጉሩን እየበታተነ ከኖራው ጋር የሚያቦካው ደግሞ ወንድሟ ነው። በሁለት ጣቶቿ መካከል አሸችው። እንደ ሐር ይለሰልሳል። አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው።

"ይሄ ነገር ምን ምን ነው የሚለው?"

ወንፊት ዝም አለ። ወንፊት ዝም አለ ማለት ዝናብ ወደ ላይ ዘነበ ማለት ነው።

"አንተን እኮ ነው።"

"ጥሩ ጥሩ ይላል" አለ ጣሪያውን እያየ።

"ፍየል ጥሩ ጥሩ ይላል?"

"እንደ አያያዟ ነው።"

"ወንድሜ።" ድምጿ ከመሬት ሥር የሚመጣ መሰለ።

አካፋውን አውርዶ ተደገፈው። "እትዬ ናቸው" አለ። "ለማንም እንዳትናገር ብለው አስምለውኛል። ሊያስደስቱሽ ብለው እኮ ነው። እኔ ቅባቱን ከሱቅ ከማምጣት በቀር እጄን አላስገባሁም።"

"ቅባቱን።"

"የጸጉር ቅባቱን። ትልቁን ጠርሙስ።"

ለሳኟ ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበት። "በሕይወትህ አንድ ምስጢር ቋጠርክ" አለችው። "አንድ! እሱንም ይሄንን!"

አክስታቸው፣ እነሱ "እትዬ" የሚሏቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ጸጉር ሠሪ ነበሩ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከሠርጓ በፊት በእሳቸው የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ተቀምጣ ታውቃለች። እግራቸው መቆም እንቢ ሲላቸው ሱቁን ዘግተው እነሱ ቤት ገቡ፤ ካስኩ፣ ትልቁ መስታወትና የጸጉር መጠቅለያው የቢጎዲን ሣጥንም ተከትለዋቸው ሳሎን ገቡ። የጠፋው የሚሠሩት ራስ ነው። ወንፊት በምላጭ ይላጫል። ለሳኟ ጠዋት በሻሽ የጠቀለለችውን ራሷን እስከ ማታ አትፈታውም፤ "ልይልሽ እስቲ" ሲሏት "ነገ፣ እትዬ" ትላለች፤ ነገም ያው ነገ ነው።

የፍየል ጸጉሩ ከቆዳ ፋብሪካ በጆንያ የመጣ ዕለት እትዬ አፍንጫቸውን ይዘው ግቢውን ዞሩት። "ይሄ ሬሳ ከኔ ጋር ሊያድር ነው?" አሉ። በማግሥቱም አሉ። ምሳ ላይም፣ ራት ላይም አሉ። በመጨረሻ ለሳኟ ከሥራ ደክማ የገባች ቀን፣ "እንግዲያው እንደፈለጉ ያድርጉት፣ ይጠቡት!" አለቻቸው። ይህን ማለቷን አሁን ወደ ቤት ስትጣደፍ መንገድ ላይ አስታወሰች። ጸጉሩ ንጹሕ ሆኖ፣ ነጩ ከነጭ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ተለይቶ ታስሮ ሲጠብቃት፣ እዚህ ቤት እንኳን አንድ ነገር በሥርዓት ተሠራ ብላ ሳትጠይቅ መውሰዷንም አስታወሰች። ያኔ መጠየቅ ነበረባት። አሁን በማን እንደምትናደድ ቸገራት።

እትዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ንጹሕ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ አንድ እስር የፍየል ጸጉር፣ እጃቸው ላይ ማበጠሪያ።

"መጣሽ? እንዴት ሆነ ግድግዳው?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ወደቀ፣ እትዬ።"

"አሁንም? ይሄ ወንድምሽ አሸዋውን…"

"አሸዋው አይደለም!" አለ ወንፊት ከበሩ ላይ።

"እትዬ፣ ይሄን ጸጉር ምን አደረጉት?"

የእትዬ ፊት በራ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የሰነበቱ ይመስላሉ።

"እንግዲህ ከጠየቅሽኝ ልንገርሽ! መጀመሪያ በሻምፖ፣ ደጋግሜ። ራስ የሌለው ጸጉር ማጠብ እንዴት እንደሚያታክት አታውቂም፤ የምትይዢበት የለው! ከዚያ ኮንዲሽነር። ከዚያ ቅባት እየነካሁ ማበጠር። ጫፉ እኮ ተሰባብሮ ነበር የኔ እናት፤ ያች ፍየል እንዴት ያለ ቤት እንደኖረች እግዜር ይወቀው። ከዚያ ካስክ ሥር አስገብቼ አደረቅሁት።"

"ካስክ ሥር።"

"በቢጎዲን ልጠቀልለው ነበር፤ ወንድምሽ ነው ይበቃል ያለኝ።"

ለሳኟ ወደ ወንድሟ ዞረች። ይህችን እንኳን እንደ ውለታ ትቁጠርልኝ በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀላት።

"እትዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ኖራ የሚይዘው ሻካራ ጸጉር ነው። የተሰባበረውን ጫፍ ነው የሚፈልገው። ቅባት ካለው ይሾልካል፤ ውሃም አይቀበልም። ሁለቴ የወደቀው በሌላ አይደለም።"

ማበጠሪያው ቆመ።

"እኔ ነኝ የጣልኩት?"

"አላርፍ ያለች ጣት…" ብሎ ጀመረ ወንፊት፤ ተረቱ የት እንደሚያደርሰው ሲገባው መሀል ላይ ተወው።

"ጨርሰው!" አሉ እትዬ። "ጨርሰዋ! ጸጉር እያለህ እኔ ነኝ ያበጠርኩህ፣ ስትመለጥ እኔ ነኝ የደበቅሁልህ፤ አሁን ጣቴ አላርፍ አለች?"

"ዓርብ ነው የሚያዩት" አለች ለሳኟ። "ሥራው ሊሄድብኝ ነው።"

ብትጮህ ይሻል ነበር። እትዬ ጸጉሩን ከነፎጣው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፣ መኝታ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት።

ወንፊት ቆዳ ፋብሪካ ደወለ። ማሽኑ ተበላሽቶ ሥራ እንደቆመ፣ ጸጉር ከተገኘም በሚመጣው ሳምንት እንደሆነ ነገሩት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሐሳብ ማፍለቅ ጀመረ፤ ይህም ከዝምታው የባሰ ነው።

"ጸጉር ቤት ለጸጉር ቤት ዞረን የሰው ጸጉር ብንጠርግስ?"

"የሰው ይለሰልሳል፤ አይይዝም።"

"የኔ እኮ ሻካራ ነው።"

"አንተ ምን ጸጉር አለህ?"

"ለቁም ነገር ከሆነ አሳድጋለሁ።"

"እስከ ዓርብ?"

ጥያቄውን ከምሩ ሊያስብበት ሲል ትታው ጓሮ ሄደች። ትልቁን ሳፋ ውሃ ሞልታ ጸጉሩን ነከረች፣ የልብስ ሳሙና ይዛ አሸችው። አለቀለቀችና ጠብታ ውሃ ጣል አደረገችበት። ጠብታው ላዩ ላይ ተንከባሎ ወደቀ። እንደገና አሸችው። እንደገና ተንከባለለ። ጸጉሩ ጭራሽ እርስ በርሱ ተቋጥሮ የቤት መጥረጊያ መሰለ። የእትዬ መስኮት መጋረጃ ግን ባሸችው ቁጥር ይነቃነቃል፤ ቀና ስትል ይቆማል፣ ስታጎነብስ ይነቃነቃል።

ምን ማድረግ እንዳለባት ከመጀመሪያው ታውቃለች። መለመን አትወድም፤ የማትወደውን ነገር ደግሞ በመጨረሻ ነው የምትሠራው። እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች የእትዬን በር አንኳኳች።

"እትዬ፣ ከጸጉር ላይ ቅባት እንዴት ነው የሚወጣው?"

በሩ አልተከፈተም።

"እትዬ፣ እባክዎ።"

"እኔን ነው የምትጠይቂው? እኔ እኮ ጣቴ አያርፍም።"

"ያንን ያለው እሱ ነው።"

"መጀመሪያ እሱ ይቅርታ ይጠይቅ።"

"ምን አጠፋሁ?" አለ ወንፊት ከሳሎን። "ተረቱን እንኳን አልጨረስኩትም!"

"ይቅርታ በል" አለች ለሳኟ።

"ይቅርታ!"

"ከልቡ ይሁን" አሉ እትዬ ከውስጥ።

"ከልቤ ነው!"

"አይመስልም።"

ለሳኟ ግንባሯን በሩ ላይ አሳረፈች። አዳራሹ፣ መሐንዲሱ፣ ዓርብ፣ ሁሉም እነዚህ ሁለት ሰዎች እስኪታረቁ ቆመው የሚጠብቁ መሰላት። ወንፊት ወደ በሩ መጥቶ፣ በልጅነቱ ብርጭቆ ሲሰብር በሚያወጣው ድምፅ፣ "እትዬ፣ በጣም ይቅርታ" አለ። በሩ ተከፈተ።

"ቀለም ከመቀባትሽ በፊት ቅባቱን ካላወጣሽ፣ ቀለም ጸጉር አይይዝም" አሉ እትዬ በአጠገቧ እያለፉ። "ይህንኑ ስሠራ አይደል እንዴ ያረጀሁት? ብትጠይቂኝ ኖሮ!"

"ቢጠይቁኝ ኖሮ" አለች ለሳኟ።

ተያዩ። ተከታትለው ጓሮ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ የእትዬ ሆነ። መደገፊያ ያለው ወንበር ካልመጣ አልቀመጥም አሉ። ወንበሩ ሲመጣ ፀሐይ ላይ ነው አሉ። ውሃው ለብ ይበል አሉ፤ ለብ ሲል፣ "ይሄ ትኩስ ነው፤ ጸጉሩ ይሞታል" አሉ።

"ፍየሏም ሞታለች እኮ" አለ ወንፊት።

"አንተ ውሃ ቅዳ!"

የልብስ ሳሙናውን አስጥለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አስመጡ። "አትሺው! ማን ነው ጸጉር እንደ ካልሲ ይታሻል ያለሽ? ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጨመቅ፣ ለቀቅ። ሥሩን… ሥር የለውም ለካ። ብቻ ጨመቅ አድርጊው።" ለሳኟ ጨመቅ፣ ለቀቅ አደረገች። አለቀለቀች። እትዬ ከአንዱ እስር ትንሽ መዘው ደረቅ ፎጣ ላይ ዘረጉት፣ የጣታቸውን ጫፍ ነክረው ጠብታ ጣሉበት። ተንከባለለ። "ድገሚው" አሉ። ደገመች። ጠብታው ትንሽ ቆሞ ተንከባለለ። "ድገሚው።" እጇ እንደ በሰበሰ ቅጠል ተጨማደደ። በኋላ አንዱ ጠብታ ጸጉሩ ላይ አረፈና፣ እያዩት ሰመጠ።

"ወጣ" አሉ እትዬ። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ጸጉሩ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ፈዘዘ፣ ተንጨባረረ፣ ሻከረ፤ ልክ ከጆንያው የወጣ ዕለት እንደነበረው ሆነ፤ የጎደለው ሽታው ብቻ ነው። ወንፊት በሁለት ቀጫጭን ዱላ እየደበደበ ሲያፍታታው እትዬ ፊታቸውን አዞሩ።

"ሰው ሲያምርለት እንጂ ሲያስጠላለት ሠርቼ አላውቅም" አሉ።

ለሳኟ አንድ ደግ ቃል ልትላቸው ፈለገች። የመጣላት ግን "ማበጠሪያውን ወደ ቤት ላስገባልዎ?" ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ወንድሟን አላመነችውም፤ ራሷ አቦካች። ጸጉሩን በጣቷ እየበተነች፣ በጣም ጥቂት በጣም ጥቂት እየጨመረች፣ ካዞላውን ስታነሳው ከጫፉ ጢም እስኪያወጣ ድረስ። ግድግዳውን አረጠበች። ከዚያ ኖራውን በካዞላ እየወረወረች በድንጋዩ መሀል አስገባችው፤ አባቷ "ቂም እንዳለብሽ አድርገሽ ወርውሪው" ይል ነበር፤ በዚያ ሳምንት ቂም አልጎደላትም። ስትጨርስ ቀጣዩ ልስን የሚይዝበት እንዲያገኝ ፊቱን በሰያፍ ጫረችው። ወንፊት እንኳን አጠገቧ ሆኖ በሹክሹክታ ነው ያወራው። ግን አወራ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ "ጸጉሬን ሳላይ አልቀርም" ብለው ተከተሏቸው። መንገዱን ሁሉ ቆም እያሉ ስላረፉ፣ ሲደርሱ መሐንዲሱ ቀድሟቸው ግድግዳው ፊት ቆሟል። ለሳኟ ቀድማ ያየችው ወለሉን ነው። ባዶ ነበር። ልስኑ ከነጭረቱ ድንጋዩን ይዞ ቆሟል።

"ምነው ይሄን ያህል ለፍተሽ ጭረሽ ጨረስሽው?" አሉ እትዬ።

"ዝም ይበሉ፣ እትዬ።"

መሐንዲሱ ልስኑን በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ የተነፋ ቦታ ካለ ድምፁ ይለያል። አልተለየም። ከጠርዙ ላይ ትርፍ የነበረች ቁራሽ አነሳና ገመሳት። ሁለቱ ግማሾች በጸጉሩ ተያይዘው ተወዛወዙ። አንዱን ይዞ ሌላውን አንጠለጠለው፤ አልወደቀም።

"ይዟል" አለ።

ፊቱን ግን አልፈታም።

"ሁለቱ ለምን ወደቁ?" አለ። "ባለቤቶቹ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ሁለቴ ወድቆ ሦስተኛው የቆመበትን ምክንያት ካልነገርኳቸው፣ አራተኛውም ይወድቃል ነው የሚሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ሳላውቀው አልፈርምም።"

ፈጣኑ እንዲህ ያለ ሰዓት አያመልጠውም፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ክንዱን አጣጥፎ ተመቻችቷል።

"ጸጉሩ ቅባት ነበረው" አለች ለሳኟ።

"ከፋብሪካው?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን አዎ ካለች ከዚያ ፋብሪካ የሚመጣ ጸጉር ሁሉ ይጠረጠራል፤ ጸጉር የሚሰጣት ደግሞ ሌላ የለም። እውነቱን ካለች አክስቷን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማጋለጧ ነው። የእትዬን ጫማ አየች። ለመምጣት ብለው የወለወሉት ጫማ ነው።

"ከፋብሪካው አይደለም። ከቤት… እኛ ቤት እያለ…"

"ምን ትንተባተቢያለሽ?" አሉ እትዬ። ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። "እኔ ነኝ የቀባሁት። አጥቤ፣ ቀብቼ፣ አበጥሬ፣ ካስክ ሥር አድርቄ ነው የሰጠኋት። ቅባት ኖራ እንደሚጥል አላወቅሁም ነበር፤ አሁን አውቄያለሁ። ራሴ አስወጣሁት፤ ይኸው ቆመ።"

 ፈጣኑ በሳቅ ከመስኮቱ ላይ ሊወድቅ ደረሰ።

"ፍየሏን ካስክ ሥር!" አለ እንባው እየወረደ። "እህቴ! ሠርጉ መቼ ነው? ሳትጠሩኝ!"

እትዬ ቀረብ ብለው ራሱን በጥሞና አዩት። "አንተ ልጅ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ዘንበል በል። ይሄ ሲሚንቶ ነው ወይስ ፎረፎር?"

ወንፊት አካፋውን ጥሎ ሳቀ። መሐንዲሱ ሳቁን ሳል አስመስሎ ፊቱን አዞረና፣ ሲመለስ ድምፁን አስተካክሎ፣ "ስለዚህ ሁለተኛ አይቀባም?" አለ።

"ሁለተኛ እኔ ሳላየው አንድ ጸጉር ከዚያ ግቢ አይወጣም" አሉ እትዬ።

የጠየቀው ይህን አልነበረም። ለሳኟ ልታርመው አፏን ከፈተች፤ መሐንዲሱ ግን በቂ መልስ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቅንቋል።

"ይህ ምክንያት ይገባቸዋል" አለ። "አዳራሹን ሰኞ ጀምሪ። አንተም መጋዘኑን ስትጨርስ መወጣጫውን ለነሱ ተውላቸው።"

ፈጣኑ እንባውን እየጠረገ፣ "ለፍየሏ ስል እተዋለሁ" አለና ሄደ። ለሳኟ "አመሰግናለሁ" ያለች መሰላት፤ ድምፅ መውጣቱን ግን እርግጠኛ አልነበረችም። መላው አዳራሽ። አራቱም ግድግዳ፣ ቅስቶቹ፣ የጣሪያው ጠርዝ። ቀጥሎ ያሰበችው ስንት ጆንያ ጸጉር እንደሚፈጅ ነው፤ ከዚያም እያንዳንዱ ጆንያ በማን እጅ እንደሚያልፍ ገባት።

"ወንበሩን ግን ወደ ጥላው ታዞሩልኛላችሁ" ይላሉ እትዬ ለወንፊት። "ውሃውንም አንተ አትለካም፤ አንተ ለብ ያለውን ከትኩሱ አትለይም።"

የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ልስኑን መንካት ጀምራ ነበር። ኖራ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ለሳኟ ጆንያ አረጠበች፣ መሰላል ላይ ወጣችና ከልስኑ ፊት እንዲንጠለጠል ማሰር ጀመረች። 

"በስተግራ በኩል ዝቅ ብሏል" አሉ እትዬ ከታች።

"አያለሁ፣ እትዬ።"

"አላየሽም።"

"ጆንያ እኮ ነው፣ እትዬ። ዝቅ ቢል ምንም አይደል።"

"ምንም አይደል ብለሽ ነው እንጂ ዝቅ ብሏል።"

ለሳኟ የመሰላሉን ብረት ይዛ ወደ ኋላ ዘንበል አለችና አየችው። እውነትም ዝቅ ብሏል።